ራዲያተሩ ከሆዷ ሥር የገባ ጊዜ

በዚህ ሰኔ ከወልድያ ስመለስ የተሳፈርኩባት ሚኒባስ ጋሸና ስትደርስ ፈላች። ሹፌሩ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተና በእጁ ጨርቅ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ሊያዞር ሲል፣ እኔ ሳላስበው በመስኮት ብቅ ብዬ «እንዳትነካው! ፊትህን ይልጠዋል! ይብረድ መጀመሪያ!» ብዬ ጮኽሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። «እማማ ደግሞ ሹፌር ነበሩ እንዴ?» አለ ልጁ እየሳቀ፤ ተሳፋሪውም ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ያ የፈላ ውሃና የዝገት ሽታ፣ ትንሽ እንደተቃጠለ ስኳር የሚጣፍጠው፣ ገና አፍንጫዬ ሲገባ ከብዙ ዓመት በፊት ወደ ነበረ አንድ እሑድ መለሰኝ። ወርጄ ከአንዲት ሻይ ቤት ገባሁና ጋቢዬን ተከናንቤ ተቀመጥኩ። የጋሸና ብርድ ያው ነው፣ በሰኔም ቢሆን አጥንት ይፈልጋል። ሻይ ቀረበልኝ፤ ብርጭቆውን በሁለት እጄ አቅፌ ያንን ዘመን አስታወስኩ።

ያ ዘመን ላሊበላ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ሻይ በስሙኒ የሚጠጣበት፣ ዳቦ ሲገዙ የሚመረጥበት ዘመን ነው። ወንዶቹ ቴትሮን ሱሪ በካልሲና በኮንጎ ጫማ ይለብሳሉ፤ ትንሽ ሻል ያለው ደግሞ ከደሴ የመጣ ሹራብ ትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል፣ ቢሞቅም አያወልቀውም። እኔ ወደ ቅዳሜ ገበያ በሚወርደው መንገድ መታጠፊያ ላይ፣ ከአንድ ጨርቅ ነጋዴ በረንዳ ሥር የእግር ስፌት መኪናዬን ተክዬ ቀሚስ እሰፋ ነበር። ፊት ለፊቴ ካሴት የሚሸጥ ሱቅ ነበረ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ጥሎ ስለሄደ ሰው የሚያለቅስ አንድ ዘፈን እየደጋገመ ይከፍታል። ቴፑ ባትሪው ሲደክም የዘፋኙ ድምፅ ይጎረንናል፣ እንደታመመ ሽማግሌ ይጎተታል፣ እኛም በዚያው ልክ እግራችንን እናዘገያለን። አሁን መንገዱ ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ በረንዳው ፈርሶ ባለ ፎቅ ሆኗል፤ ዘፈኑን ግን ዛሬም ስሰፋ አንጎራጉረዋለሁ።

ወንድሜ ጌታሁን በዚያ ዘመን ነው የተመለሰው። በልጅነቱ ወጥቶ የአውሮፕላን ጥገና ተምሮ፣ ስንት ዓመት እጁን በዘይት ሲያሽ ኖሮ፣ አገሩ ሲገለባበጥ አንድ ሻንጣና አንድ የመፍቻ ሣጥን ይዞ እናታችን ቤት ገባ። ከእኔ በታች ነው፤ እስካሁንም «እታለም» ነው የሚለኝ። ጋራዥ ከፈተ። ጎማ ይለጥፋል፣ ራዲያተር ይበይዳል፣ የወፍጮ ሞተር ያነቃል። ሥራ አላጣም። ዳሩ ግን ምሳ ላይ እንኳ ቁራሹን ይዞ ወደ ላይ ነው የሚያየው። አንድ ቀን ከቤታችን ጀርባ ካለው የከብት ግርግም የብረት ቱቦ ሲበይድ አገኘሁት። «ምንድን ነው?» አልኩት። «አውሮፕላን» አለኝ፣ አጥር ነው እንደሚል ሰው። ሞተሩን ገደል ከገባች አንዲት ትንሽ የቤት መኪና አወጣ። ክንፉን ከጽድ እንጨት ጠረበ። አቡጀዲውን አልብሼ በድርብ ስፌት የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ በላዩ ላይ ቫርኒሽ ሲቀባበት እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጠረ። ሰው ይስቅብናል። እኔም በልቤ «ይሠራዋል እንጂ አይበርበትም፣ እጁን ያፍታታበት» እል ነበር። ዛሬ ስኳር በሽታ ይዞት በደጃፉ ወንበር ላይ ሲውል የሚያልፉ ወጣቶች ስለዚያች አውሮፕላን ይጠይቁታል። «እታለምን ጠይቋት፣ ከታች ሆኖ ያየ ነው የሚያውቀው» ይላቸዋል።

መጀመሪያ የሞተሩን ማቀዝቀዣ፣ ራዲያተሩን፣ እንደ መኪና ፊቷ ላይ ነበር የገጠመው። ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን በታች አያ ምስጋናው የሚባሉ ገበሬ ጦም ያደረ ሜዳ ነበራቸው፤ «ክረምት እስኪገባ ተጫወትበት» ብለው ፈቀዱለት። ወስደን ገጣጠምናት። ጮኸች፣ ሮጠች፣ መንኮራኩሮቿ ከመሬት ክንድ ያህል ተላቀቁና ተመልሳ ዘጭ አለች። ደጋገመ። ሜዳው እያለቀበት ከእርከኑ ድንጋይ አፋፍ ላይ ቆመ። ሲወርድ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል፣ ቁጣ ግን የለበትም።

«ሰፌድ በደረትሽ ይዘሽ ነፋስ ላይ ሮጠሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«እሷ እንደዚያ ናት። ራዲያተሩ ደረቷ ላይ ሰፌድ ሆኖባታል። እዚህ ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሩም ጉልበቱ ትንሽ ነው። ያችኑ ጉልበት ነፋስ ለመግፋት ጨረሰችው።»

ከፊቷ አንስቶ ከሆዷ ውስጥ ደበቀው። በዚህ ጊዜ ሮጠች፣ ግን ሳትነሳ ፈላች። አየር የማያገኝ ራዲያተር ምን ያቀዘቅዛል? ከዚያ በኋላ ነው ከቆርቆሮ አንድ ሣጥን የሠራው። ከሆዷ ሥር ተለጥፎ፣ አፉ ጠባብ ነው፤ ወደ ውስጥ እየሰፋ ይሄዳል፤ ሰፊው ላይ ራዲያተሩ ተጋድሞ ይቀመጣል፤ ከኋላ ደግሞ ተመልሶ ይጠባል። «አየሩ በጠባቡ ይገባል፣ ሰፊው ቤት ሲደርስ ይረጋጋል፣ ቀስ ብሎ በራዲያተሩ ውስጥ ያልፋል፣ ሙቀቱን ይዞ በኋላው ጠባብ በር ተስፈንጥሮ ይወጣል። እንግዳ ነው እታለም፤ በሩን አሳምረሽ ከከፈትሽለት ሳይጣላሽ ይሄዳል» አለኝ። የኋላውን በር በብስክሌት ፍሬን ሽቦ ከመቀመጫው ሆኖ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሲነሳ ይከፍተዋል፣ ከፍ ካለ በኋላ ያጠብበዋል። ነገር ግን ሞተሩን አስነስቶ ሜዳ ላይ ቢያስሮጣት አሁንም ትሞቃለች። አፉ አለ፤ አየሩ ግን አይገባበትም። ለምን? ቀን ከሌት ነገሩ ይህ ብቻ ሆነ።

መላው የተገኘው ከእኔ ክር ነው። አየሩ በየት እንደሚሄድ እንዲያሳየን ቀይ የሱፍ ክር እየቆረጥን ሆዷን በሙሉ፣ የሣጥኑንም አፍ ዙሪያ ለጠፍንበት። ከዚያ ክንፏንና ከፊቷ የሚሽከረከረውን ማራገቢያዋን ፈትተን፣ አካሏን ብቻ ሰይድ በሚባል ጓደኛው ፒካፕ ላይ፣ ከእንጨት ቆጥ አናት በጠፍር አሰርናት። ሰይድ የደሴ ልጅ ነው፤ በዚያ መስመር እህል ያመላልስ ነበር። እኔ ከሥሯ በጀርባዬ ተኝቼ ክሮቹን እንዳይ ተፈረደብኝ። ጌታሁን ጋቢና ገብቶ በመስኮት አንገቱን አወጣ። ወደ ጋሸና በሚወስደው መንገድ፣ ደልደል ባለው ላይ ሰይድ ነዳው። አቧራው፣ ጠጠሩ፣ የቆጡ ሲጢጥታ! ከላዬ ያ ሁሉ ብረት ይወዛወዛል።

«እታለም! ምን ይላል?» ይጮኻል ጌታሁን።

«ፊተኞቹ ተኝተዋል! ቀጥ ብለው ወደ ኋላ ተኝተዋል!»

«አፉ ጋስ?»

«ከሆዷ ጋር የተጠጉት ይጨፍራሉ! አንዱ ጭራሽ ወደ ፊት ዞሯል!»

«ወደ ፊት? እርግጠኛ ነሽ?»

መልስ ለመስጠት አፌን ስከፍት ከመታጠፊያው አንድ ድንጋይ የጫነ መኪና መጣ። ሰይድ መሪውን ሰብሮ ፍሬን ያዘ። ጠፍሩ በጆሮዬ ሥር እንደ ጅራፍ ጮኾ ተበጠሰ። አካሏ ከቆጡ ተንሸራትታ መጣችብኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው የሣጥኑ ቆርቆሮ ከአፍንጫዬ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ፣ በቀረው አንድ ጠፍር ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። በእግሬ ጎትተው አወጡኝ። ሰይድ ከመንገድ ዳር ቁጭ ብሎ «ያ ረቢ! ያ ረቢ! እናንተ ሰዎች ዛሬ ሽበት አበቀላችሁብኝ» ይላል። ጌታሁን ፊቱ አመድ መስሏል፤ ትከሻዬን ይዞ አየኝ፣ ደህና መሆኔን አየ፣ ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ክሩ ወደ ፊት ዞሯል ነው ያልሽኝ?» በጥፊ አልኩት። በዕድሜዬ አንድ ቀን ብቻ ነው ወንድሜን የመታሁት። ጉንጩን እያሻሸ ሳቀ፣ ሳቀና መሬት ላይ ተቀመጠ። «ገባኝ» አለ። «ሆዷን ተጠግቶ የሚመጣው አየር የደከመ አየር ነው። ከአካሏ ጋር ሲታገል መጥቶ ጉልበቱ አልቋል። እኔ ደግሞ አፉን እዚያው ድካሙ ላይ ከፈትኩት። ዝቅ ላድርገው፤ በሣጥኑና በሆዷ መካከል መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ልተውለት። የደከመው በላይ ይለፍ፣ ጉልበት ያለው ይግባ።»

እንዳለው አደረገ። በሜዳው ላይ ብትሮጥ፣ ብትሮጥ፣ የሙቀት መለኪያው መርፌ ከመካከል አላለፈም። ነገር ግን ሰማዩ መጥቆር ጀምሮ ነበር። አያ ምስጋናው ጋራዡ ድረስ መጡና «ልጄ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ በሬዬን ላወጣ ነው። መሬት አይጠብቅም። በዚህ ሰሞን ከሆነልህ ይሁንልህ» አሉት። እሱም «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ» አለ። የዚያን ዕለት ነው እናታችን በእርግጥ ሊበርባት መሆኑን ያወቀችው። ጮኸች ብዬ ብናገር ይሻለኝ ነበር፤ አልጮኸችም። እንጀራውን አቅርባለት ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «ጌታሁን፣ አባትህን ጦር ሜዳ ሸኝቼ ወደ መንገዱ ሳይ ኖርኩ። ዳግመኛ ለማንም አንገቴን አቅንቼ አልጠብቅም። እኔ ነአኩቶ ለአብ እሄዳለሁ። አንተ የምትሄድበት ሂድ» አለችው። እሱ ጉርሻውን መሶቡ ላይ መልሶ ተነስቶ ወጣ። ተከትዬው ወጣሁ። «ተወው በቃ፣ ለእሷ ስትል» አልኩት። ወደ ጋራዡ ሄደ። ትቶት መኖር እንደማይችል እኔም አውቅ ነበር፤ ያ ነው የሚያቃጥለኝ የነበረ።

እሑድ ከቅዳሴ የተመለሰው ሰው ነጠላውን እንዳጣፋ በሜዳው ዳርና በገደሉ አፋፍ ሁሉ ተኮልኩሏል። ነፋሱ ገና አልተነሳም። ጌታሁን አሮጌ ሹራቡን ለብሶ፣ የሞተር ብስክሌት መነጽር አድርጎ ገባ። እኔ ክንፏን ይዤ ነበር። የሰፋሁትን ስፌት በጣቴ እየዳበስኩ ከዳር እስከ ዳር አየሁት፤ አንድም የላላ የለም። «ልቀቂ እታለም» አለኝ፣ ለቀቅኩ። ሮጠች። ያ የፊቱ ሰፌድ ከእሷ ከተነሳ ወዲህ ሌላ ፍጥረት ሆናለች። ከሜዳው እኩሌታ ሳትደርስ መንኮራኩሮቿ መሬቱን ለቀቁ፣ አልተመለሱም። ከእርከኑ በላይ፣ ከግራሩ በላይ፣ ከሰዉም ጩኸት በላይ ሆነች። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ እልል ማለት አቃተኝ። ጥርሴን ነክሼ አንገቴን አንጋጥጬ ነበር። በነአኩቶ ለአብ አናት ዞረች፣ ክንፏ ፀሐይ መታውና ነጭ ሆነ። ከዚያ ከሆዷ ሥር ሌላ ነጭ ነገር አየሁ። ቀጭን፣ እንደ ክር፣ ኋላዋን ተከትሎ የሚሳብ። እንፋሎት ነው። ከእኔ ሌላ ያወቀ የለም፤ ሰዉ ጌጥ መስሎት ያጨበጭባል። «ሰይድ፣ ፈላች!» አልኩ። ሰይድ ቀና ብሎ አየ፣ ከዚያ አላየኝም፣ ወደ መኪናው ሮጠ። አውሮፕላኗ ወደ ሸንተረሩ ዞረች። የሞተሩ ድምፅ ተቆራረጠ። ጠፋ። ክንፏ ብቻ ያለ ድምፅ ከሸንተረሩ ጀርባ ዝቅ አለ። እንዲያ ያለ ዝምታ ከዚያ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። አያ ምስጋናው አጠገቤ ቆመው ነበር። «መሬት አያጣም ልጄ፣ አገሩ ነው» አሉኝ፤ ድምፃቸው ግን አላመነውም።

መኪናው እስከሚሄድበት ሄድን፤ ከዚያ በእግር ነው። ቁልቋሉን፣ ጠጠሩን፣ ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም፤ ጫማዬ የት እንደቀረም አላውቅም። ከሸንተረሩ ጫፍ ስንደርስ ከወዲያኛው ሸለቆ ጩኸት ሰማን። የሴቶች ድምፅ ነው። ልቅሶ ይሁን እልልታ መለየት አልቻልኩም። ቆምኩ። ሰይድም ቆመ። «ምንድን ነው የሚሉት?» አልኩት። «እንጃ፣ እቴ። እንሂድ» አለኝና እጄን ያዘ፤ በሌላ ቀን ቢሆን የማያደርገው ነው።

ሰዉ ክብ ሠርቶ ቆሟል። ገፍቼ ገባሁ። አውሮፕላኗ የበልግ ባቄላ ማሳ ውስጥ በአንድ እግሯ ተንበርክካለች፣ አንደኛው ክንፏ ድንጋይ ካብ ላይ ተደግፏል። ከሆዷ ሥር የወንድሜ ሁለት እግሮች ወጥተው ይታያሉ። አይንቀሳቀሱም።

«ጌታሁን!» አልኩ፣ ድምፄ የእኔ አይመስልም።

«እታለም?» አለ ከሥሯ። «መጣሽ? ቀረብ በይ፣ እይው ይህንን።»

ቁጭ አልኩ፣ እዚያው ባቄላው ላይ። እሱ እየተሳበ ወጣ። ቅንድቡ ተሰንጥቆ ደሙ ደርቋል። አንዲት ሴትዮ ጀሪካን ይዛ «እንካ ጠጣ ብለው አልጠጣም፣ ለብረቱ ነው አለኝ! እንዴት ያለ ሰው ነው?» ትላለች። እሱ ጭብጡን ዘርግቶ አሳየኝ፤ የደረቀ ሣር ነው፣ አንድ እፍኝ፣ ታጭቆ እንደ ጎጆ የተጠቀለለ። ከሣጥኑ አፍ ነው ያወጣው። አፉን ዝቅ ስናደርገው መሬት ተጠግቶ፣ በየሩጫው የሜዳውን ሣር ጥቂት በጥቂት እያጨደ ጎርሶት ኖሯል።

«አየሩን አስበን ሣሩን ረሳን» አለኝ።

ምን እንደሆነ በኋላ ቀስ ብሎ ነገረኝ። መርፌው ወደ ቀዩ ሲሄድ የኋላውን በር እስከ መጨረሻው ከፈተው፤ አልመለስ አለ። ሞተሩ ተጣብቆ ሳይቆምበት ራሱ አጠፋው። ከታች ገደል ነው፣ ከፊት ሸንተረሩ አለ። ወደ ማዶ ማሳ መድረስ ያለበት ያለ ሞተር ነው። «ዓይኔን ከሸንተረሩ ጫፍ አላነሳሁም። ትደርሳለች? አትደርስም? እያልኩ። ደረሰች። ካንቺ የራስ ጠጉር በማትሰፋ ነገር አለፈችው። ራዲያተሩ እንደ ድሮው ደረቷ ላይ ቢሆን ኖሮ እዚያው ነፋሱ ይዞኝ ገደሉን ነበር የምገባው። ከሆዷ ሥር ሆኖ ነው የተንሳፈፈችልኝ» አለኝ። የፈላብን እዚያ በማስቀመጣችን ነው፤ ወንድሜ የዳነውም እዚያ በማስቀመጣችን ነው። እኔ እስካሁን በየትኛው ልቆጣ፣ በየትኛው ላመስግን አላውቅም።

ክንፎቹን ፈታን፤ የዚያ መንደር ሰዎችም በትከሻቸው ተሸከሙልን። አካሏን በወራጅ እንጨት አሥረው እየተቀባበሉ ዳገቱን አወጡልን፤ እየዘፈኑ ነበር፣ ሠርግ የሚያደርሱ ይመስል። ወደ መንገዱ ስንወጣ እናታችን ከነአኩቶ ለአብ በታች በአንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። የሞተሩን መጥፋት ሰምታ ነበር። የሰማችውን ይዛ እዚያ ድንጋይ ላይ ዋለች። ጌታሁን ፊቷ ቆመ። አልተነሳችም፣ አላቀፈችውም። ቅንድቡን አየች፣ እጆቹን አየች፣ እግሮቹን አየች።

«ከላይ ምን አየህ?» አለችው።

«አንቺን አየሁሽ» አላት።

«ውሸትህን ነው። አገሩ ሁሉ ነጠላ የለበሰ አይደል? በምን ለየኸኝ?»

«ሁሉም ሰው አንጋጦ ፊቱ ይታየኝ ነበር» አለ ጌታሁን። «ቀና ያላለች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ትሳቅ ይሁን ታልቅስ፣ ያን ቀን ሁለተኛ ጊዜ መለየት አቃተኝ። ከዚያ እጇን ዘርግታ አስነሺኝ አለችኝ፤ ቤት እስክንደርስ ግን የጌታሁንን ክንድ አልለቀቀችም።

ክረምቱ መጣ፣ አያ ምስጋናው በሬያቸውን አወጡ፣ ሜዳው ጤፍ ሆነ። ጌታሁን እግሮቿን አስረዘማቸው፣ በሣጥኑም አፍ ላይ የወንፊት ሽቦ ሠራለት። ሞተሯ ከዓመታት በኋላ ለወፍጮ ሄደ፤ ከዚያ በፊት ግን፣ ያው ጤፍ ታጭዶ ሜዳው እንደተለቀቀ፣ አንድ ቀን ዳግመኛ አወጣት። እናታችን ሳንጠራት መጣች። ከእኔ አጠገብ ቆመች፣ እጇን ግንባሯ ላይ ጋረደች፣ አውሮፕላኗ ተነስታ፣ ዞራ፣ ተመልሳ መሬት እስክትነካ ድረስ ዓይኗን ከእሷ ላይ አልነቀለችም። እንፋሎት አልታየም። ማታ «አንገቴን ያዘኝ» አለችኝ፤ ቅቤ አሙቄ አሸሁላት።